ጥርስ ለማስነቀል ብለን ክኒን አናቋርጥ

 

በጀመዓችን የጤና ዘርፍ የምናገለግል አምስት ተማሪዎች ነን። ሁለታችን ሕክምና፣ ሌሎቻችን የጥርስ ሕክምና፣ ፋርማሲና ነርሲንግ እናጠናለን። ገና ተማሪዎች ስለሆንን መድኃኒት አናዝም። ሥራችን የታመመን መዘየር፣ ሆስፒታል ለሚሄድ ሰው አብሮ መሄድ፣ ወረፋ መያዝና ሐኪሙ ያለውን ነገር ለቤተሰብ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት ነው። በዚህ ሥራ ላይ ሆነን ደጋግሞ ከገጠመን ጥያቄ አንዱ ሲሰሙት ትንሽ የሚመስል ነው፦ «ደም የሚያቀጥን ክኒን እወስዳለሁ፤ ጥርሴን ማስነቀል እችላለሁ?»

ጥያቄው ትንሽ እንዳልሆነ የተረዳነው ባለፈው ክረምት ነው። አብሮን የሚማር ወንድማችን አባት ታመዋል ተብለን ለዚያራ ወደ ቤታቸው ሄድን። ከደሴ ወጣ ብላ ባለች ከተማ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ብዙም ያልዘለለ ነጋዴ ናቸው። በልጅነታቸው በያዛቸው የቁርጥማት በሽታ ምክንያት አንዱ የልባቸው ቫልቭ ጠቧል፤ የልብ ምታቸውም ሥርዓቱን የሳተ ነው። ለዚህም ስድስት ዓመት ሙሉ ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ ክኒን ሲወስዱ ኖረዋል። አንድ ቀን የመንጋጋ ጥርሳቸው አላስተኛ ይላቸውና ወደ አንድ የጥርስ ሕክምና ቦታ ይሄዳሉ። «ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ጥርስ አንነቅልም፤ ክኒኑን አቁመው ይምጡ» ይባላሉ። ለስንት ቀን እንደሚያቆሙ፣ መልሰው መቼ እንደሚጀምሩ የነገራቸው የለም። እሳቸውም አቆሙ፤ ጥርሱም ተነቀለ። ቁስሉ እስኪጠግግ ብለው ሳይጀምሩት ቆዩ። በአስራ አንደኛው ቀን ለፈጅር ውዱእ ሲያደርጉ ጣሳው ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። ልጃቸው ደርሳ «አባዬ ምን ሆንክ?» ስትላቸው መልስ መስጠት አልቻሉም።

ረግቶ የተነሣ ደም የአንጎላቸውን ደም ሥር ደፍኖት ነበር፤ ስትሮክ የሚባለው ነው። አልሐምዱሊላህ በሕይወት ተርፈዋል። ነገር ግን ቀኝ ጎናቸው እንደ ድሮው አይታዘዝም፤ ፋቲሓን ለመቅራት ሲጀምሩ ቃሉ ምላሳቸው ላይ ይቀርባቸዋል። ከአላህ ቀደር የሚያመልጥ የለም። ክኒኑ ባይቋረጥ ኖሮ ስትሮኩ በፍጹም አይመጣም ነበር ብሎ የሚምል ሐኪምም የለም። ሆኖም ሆስፒታል ያዩዋቸው ሐኪሞች መጀመሪያ የጠየቁት ጥያቄ «ክኒኑን አቋርጠው ነበር?» የሚል እንደነበር ልጃቸው ነግራናለች። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ የፈቀዱልንም፣ «ለሌላው ትምህርት ይሁን» ብለው፣ እሳቸውና ቤተሰባቸው ናቸው።

ክኒኑ ምን ይሠራል?

ስንቆረጥ ደማችን ይረጋል፤ ይህ ከአላህ ጸጋዎች አንዱ ነው። ባይረጋ ኖሮ በአንዲት የምላጭ ጭረት ብዙ ደም በፈሰሰን ነበር። ችግሩ የሚመጣው ደም መርጋት በማይገባው ቦታ ሲረጋ ነው። የጠበበ ወይም ሰው ሠራሽ ቫልቭ ባለበት ልብ ውስጥ፣ ምቱ በተዛባ ልብ ውስጥ፣ ወይም በእግር ጥልቅ ደም ሥሮች ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ከዚያ የተነሣው ጓጓላ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ይሆናል፤ ወደ ሳንባ ከሄደ ትንፋሽ ያሳጣል። ብረት ቫልቭ ላይ ራሱ ከተጋገረ ደግሞ ቫልቩን እንዳይከፈትና እንዳይዘጋ ያደርገዋል።

ስሙ «ደም ማቅጠኛ» ይባል እንጂ ክኒኑ ደምን እንደ ውሃ አያቀጥነውም። ጉበታችን ደም የሚያረጉ ንጥረ ነገሮችን ሲሠራ ቫይታሚን ኬ ያስፈልገዋል፤ ዋርፋሪን ይህን መንገድ ያጠበዋል። ስለዚህ ደሙ መርጋቱን አያቆምም፤ ለመርጋት ግን ረዘም ያለ ጊዜ ይወስድበታል። ክኒኑን ዛሬ ብናቆም ውጤቱ ነገ አይጠፋም፤ ቀስ እያለ ወደ አምስት ቀን ገደማ ይወስዳል። መልሰን ስንጀምረውም እንዲሁ ወደ ቦታው ለመድረስ ቀናት ይፈልጋል። «ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ላቁም» ያለ ሰው ያለ መከላከያ የሚቆይባቸው ቀናት ካሰበው በላይ የሚሆኑት ለዚህ ነው።

በየሰፈሩ «ይህ እኮ የአይጥ መርዝ ነው» የሚል ወሬ ስለሚናፈስ ታሪኩን በአጭሩ ብናነሣው አይከፋም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በካናዳና በሰሜን አሜሪካ የበሰበሰ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ቀንዳቸው ሲቆረጥ ደማቸው አልቆም እያለ ያልቁ ነበር። በ1933 አንድ የዊስኮንሲን ገበሬ የማይረጋ ደም በወተት መያዣ ሞልቶ ካርል ሊንክ ወደሚባል የኬሚስትሪ ተመራማሪ ዩኒቨርሲቲ አመጣ። ሊንክና ባልደረቦቹ በድርቆሹ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡት፤ ከእሱ ተነሥተውም ዋርፋሪንን ሠሩ። በ1948 ለአይጥ ማጥፊያ፣ በ1954 ደግሞ ለሰው መድኃኒትነት ዋለ። ወሬው ሥር የለውም አንልም። ነገር ግን መጠኑ ተለክቶ በክትትል ሲወሰድ ይኸው ንጥረ ነገር ብዙ ሺህ ሰዎችን ከስትሮክ የጠበቀ መድኃኒት ነው።

መለኪያውም አለ። አይኤንአር ይባላል፤ በደም ምርመራ የሚገኝ ቁጥር ነው። ክኒኑን የማይወስድ ጤነኛ ሰው ቁጥሩ 1 አካባቢ ነው። ለአብዛኛው ዋርፋሪን ወሳጅ የሚፈለገው በ2 እና በ3 መካከል ነው። በልብ ግራ በኩል ባለው ሚትራል ቫልቭ ቦታ ብረት ቫልቭ ለተተካለት ሰው ደግሞ ከ2.5 እስከ 3.5 ነው። ከዚህ ሲወርድ ጓጓላ ይሰጋል፤ በጣም ሲወጣ መድማት ይሰጋል። ሐኪም መጠኑን የሚጨምርና የሚቀንሰው ይህን ቁጥር አይቶ ነው።

በአገራችን ይህ ጉዳይ የሽማግሌዎች ብቻ አይደለም። በልጅነት በባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር የሚያስከትለው የቁርጥማት ልብ በሽታ ዛሬም የወጣቶቻችንን ቫልቭ ያበላሻል። በጥቁር አንበሳ ግቢ ባለው የልብ ማዕከልም ሆነ በውጭ አገር ቫልቭ ተተክቶላቸው የተመለሱ ወጣቶች በየዩኒቨርሲቲው አሉ፤ በእኛም ግቢ አሉ። ካፌ አብረውን ይሰለፋሉ፤ ዶርም አብረውን ያድራሉ። ማታ ከኢሻእ በኋላ አንዲት ክኒን ከመዋጣቸው በቀር ከሌላው የሚለዩበት ነገር የለም።

የትኛው ፍርሃት ይበልጣል?

ጥርስ የሚነቅለው ባለሙያ ፍርሃት ምክንያት አለው። ደሙ ባይቆምልኝስ ብሎ ይሰጋል፤ አፍ ውስጥ ጥቂት ደም ከምራቅ ጋር ሲቀላቀል ብዙ ስለሚመስል ታካሚውም ይደነግጣል። ግን ሁለቱን አደጋዎች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። የተነቀለ ጥርስ ቦታ የሚታይ፣ ጣት የሚደርስበት፣ ተጭነው ሊይዙት፣ ሊሰፉት የሚችሉት ቁስል ነው። አንጎል ውስጥ የገባ ጓጓላ ግን አይታይም፤ ጣትም አይደርስበትም።

ይህን ሚዛን የሚደግፍ ማስረጃ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ አለ። ማይክል ዋል የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. እስከ 2000 ድረስ የታተሙ ጥናቶችን ሰብስቦ መርምሮ ነበር። ክኒናቸውን ሳያቋርጡ የጥርስ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ከ950 በላይ ሰዎች መካከል፣ እነዚህ ሰዎች በድምሩ ከ2400 በላይ ሕክምና ተደርጎላቸዋል፣ ደማቸው በቦታው በሚደረግ እርዳታ ብቻ አልቆም ያለው 12 ብቻ ነበሩ። ለጥርስ ሲባል ክኒኑን ካቋረጡ 500 ገደማ ሰዎች መካከል ደግሞ 5ቱ በጓጓላ ምክንያት ከባድ ጉዳት ደረሰባቸው፤ ከእነሱም 4ቱ ሞቱ። በቁጥር ሁለቱም ጥቂት ይመስላሉ። የመጀመሪያዎቹ 12 ግን የደሙ ሰዎች ናቸው፤ የኋለኞቹ አራቱ የተቀበሩ።

ከዚያ ወዲህ የወጡት የእንግሊዝና የአሜሪካ የሕክምና መመሪያዎች በዋናው ነገር ይስማማሉ። የእንግሊዙ መመሪያ እንደሚለው፣ አይኤንአሩ ከ4 በታች የሆነና ክትትሉ የተስተካከለ ሰው ዋርፋሪኑን ሳያቋርጥ ጥርሱን ሊያስነቅል ይችላል። ምርመራው ከሕክምናው በፊት በነበሩት 24 ሰዓታት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፤ ቁጥሩ ለረጅም ጊዜ የተረጋጋ ለሆነ ሰው እስከ 72 ሰዓት ይፈቀዳል። ከ4 በላይ ከሆነ ጥርሱ ይቆያል፤ ታካሚው መጠኑ እንዲስተካከልለት ወደ ልብ ሐኪሙ ይመለሳል።

በእህታችን ላይ ያየነው

ከዚያ ክረምት በኋላ በመጀመሪያው ሰመስተር አንዲት የሦስተኛ ዓመት እህታችን ወደ እኛ መጣች። የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ሚትራል ቫልቯ በብረት ተተክቷል። የታችኛው መንጋጋ ጥርሷ ተቦርቡሮ መሙላት የማይቻልበት ደረጃ ደርሷል። የሄደችበት የመጀመሪያ ክሊኒክ ለወንድማችን አባት የተባለውን ራሱን ነገራት፦ «አምስት ቀን አቁመሽ ነይ።» እሷ ግን አላቆመችም፤ ከቫልቯ ጋር ስንት ዓመት እንደኖረች ታውቃለች። «መጀመሪያ የልብ ሐኪሜን እጠይቃለሁ» ብላ ወጣች። እኛም አብረናት ሄድን።

የልብ ሐኪሟ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጻፉላት። ዋርፋሪኑ አይቋረጥ፤ ከነቀላው በፊት ባለው ቀን አይኤንአር ይለካ፤ ከነቀላው አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ መከላከያ አንቲባዮቲክ ትውሰድ። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። ጥርስ ሲነቀል ከአፍ ባክቴሪያ ወደ ደም ይገባል። ጤነኛ ልብ ላይ ጉዳት ሳያደርስ ያልፋል፤ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላይ ግን ተጣብቆ ከባድ የልብ ቁስለት ሊያመጣ ይችላል። በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወጉም ሰዎች «እኔ መርፌው አለኝ» ብለው እንዳይዘናጉ፤ መርፌው ይህን መከላከያ አይተካም።

ነቀላው ማክሰኞ ጠዋት ሆነ። ጠዋት የተመረጠው ደም ቢያስቸግር ቀኑን ሙሉ ሐኪም በቦታው ስለሚኖር ነው፤ በሳምንቱ መጀመሪያ የሆነው ደግሞ ዘግይቶ ቢደማ ቅዳሜና እሑድ ላይ እንዳይወድቅ ነው። የሰኞው ምርመራ ቁጥሩ 2.9 እንደሆነ አሳየ። የጥርስ ሐኪሟ ረጋ ያሉ ሴት ነበሩ። ማደንዘዣውን በቀስታ ሰጧት፤ ጥርሱን ድዱን ሳይቦጫጭቁ ነቀሉት፤ ጉድጓዱ ውስጥ ደም ለማርጋት የሚረዳ፣ በራሱ ሟሙቶ የሚጠፋ ስፖንጅ አስገቡና በሁለት ስፌት ዘጉት። ከዚያ የታጠፈ ፋሻ አስነክሰው «ሰላሳ ደቂቃ እንዳትከፍቺው፤ እያየሽው እንዳትመልሺው» አሏት። ሰላሳው ደቂቃ ሲያልቅ ደሙ ቆሟል። ለጥንቃቄ ሌላ አንድ ሰዓት ኮሪደር ላይ አስቀምጠዋት ነው የለቀቋት። ሌላም የተበላሸ ጥርስ ነበራት፤ እሱን ግን «አንዱ ሳይድን ሌላው አይነካም» ብለው ለሌላ ቀጠሮ አቆዩት።

ማታ መግሪብ ላይ ትራሷ ላይ ቀይ ምራቅ አየች፤ ዶርም ያሉት እህቶች ተደናገጡና ደወሉልን። ሐኪሟ አስቀድመው ለዚህ አዘጋጅተዋት ነበር። ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል፣ የረጋው ደም ቶሎ እንዳይሟሟ የሚያደርግ መድኃኒት አዘውላታል። በአፍ ማጠቢያ መልክ የተዘጋጀ ስላልተገኘ፣ ባለ 500 ሚሊግራሙ ክኒን ተፈጭቶ በ10 ሚሊ ሊትር ውሃ እንዲበጠበጥ ነው የታዘዘው። ፋሻውን በእሱ ነክረን አስነከስናት። እንደገና ሰላሳ ደቂቃ። ቆመ። ከዚያም ለሁለት ቀን፣ በቀን አራት ጊዜ፣ ሳትውጠው ለሁለት ደቂቃ አፏ ውስጥ እየያዘች ተፋችው። ያን ማታ ኢሻእን ሰግዳ ዋርፋሪኗን እንደወትሮው ዋጠች። በሳምንቱ ስፌቱ ሲታይ ቁስሉ ጠግጎ ነበር።

ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ውድ መሣሪያ የለም። አንድ የደም ምርመራ፣ ስፖንጅ፣ ክር፣ ፋሻ፣ ሰዓት የሚቆጥር ሰውና ጥቂት የተፈጨ ክኒን ነው።

አደጋው ከፋርማሲ ሲመጣ

ፋርማሲ የሚያጠናው ወንድማችን ሁልጊዜ የሚያሳስበን ነገር አለ። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ከነቀላው ይልቅ የሚጎዳው አንዳንድ ጊዜ ከነቀላው በፊትና በኋላ በሚሰጠው መድኃኒት ነው። ጥርሱን ያመመው ሰው ያለ ማዘዣ ወደ መድኃኒት ቤት ጎራ ሲል ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ሁለት ነገሮች አሉ፤ ለሕመሙ ዳይክሎፌናክ፣ ለቁስሉ ሜትሮኒዳዞል።

ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና አስፕሪን የጨጓራን ግድግዳ ይጎዳሉ፤ የደም ሕዋሳት ተያይዘው ቁስልን የሚዘጉበትንም አቅም ያዳክማሉ። ከዋርፋሪን ጋር ሲደመሩ ከባድ የጨጓራ መድማት ሊያመጡ ይችላሉ። ዳይክሎፌናኩ በመርፌ ጡንቻ ላይ ሲሰጥ ደግሞ ደም በጡንቻው ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። ለሕመም የተሻለው ፓራሲታሞል ነው፤ እሱም በታዘዘው መጠንና ለጥቂት ቀን ብቻ ይወሰዳል። ሜትሮኒዳዞል ደግሞ ዋርፋሪን ከሰውነት የሚወገድበትን መንገድ ስለሚዘጋ አይኤንአሩን ሽቅብ ያወጣዋል። ክላሪትሮማይሲን፣ ኤሪትሮማይሲን፣ ኮትሪሞክሳዞል፣ ፍሉኮናዞል፣ ለአፍ ፈንገስ የሚቀባው ሚኮናዞል ጄልም እንዲሁ ናቸው። ሐኪም የግድ ካዘዛቸው ቁጥሩ በቀናት ውስጥ ዳግም መለካት አለበት። ስለዚህ መድኃኒት ቤት ስንሄድ የመጀመሪያው ቃላችን «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» ይሁን።

ከዋርፋሪን ውጭ ያሉ ደም ማቅጠኞችስ? አስፕሪን ወይም ክሎፒዶግሬል የሚወስዱ፣ በተለይ በልባቸው ደም ሥር ስቴንት የገባላቸው ሰዎች፣ ለጥርስ ብለው እንዳያቋርጡ፤ ስቴንቱ ሊደፈን ይችላል። ሪቫሮክሳባን፣ አፒክሳባንና ዳቢጋትራን የሚባሉት አዲሶቹ መድኃኒቶች በአይኤንአር አይለኩም፤ ከሰውነት የሚወጡትም በአጭር ጊዜ ነው። ብዙ ጥርስ ሲነቀል ወይም ሰፋ ያለ ቀዶ ሕክምና ሲሆን ሐኪሙ የዚያን ቀን የጠዋቱን ክኒን እንዲያዘገዩ ወይም እንዲዘሉ ሊያዝ ይችላል። ይህን የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው፤ መቼ መልሶ እንደሚጀመርም አብሮ ይነገራል። ሰው ሠራሽ ብረት ቫልቭ ያለው ሰው «አዲሱ ይሻላል፤ ምርመራም የለውም» ተብሎ ወደ እነዚህ እንዳይዛወር። ዳቢጋትራን በእነዚህ ታካሚዎች ላይ ተሞክሮ ጉዳቱ ስላመዘነ ጥናቱ ተቋርጧል።

ከዕለት ኑሯችን ጋር

እህታችንን ስናስታምም ከኛ የሙስሊሞች ኑሮ ጋር የሚነካኩ ጥያቄዎች ተነሥተው ነበር። ሐኪሙ ሁልጊዜ አያውቃቸውምና እዚህ እናንሣቸው።

አንደኛው መጉመጥመጥ ነው። ጥርስ በተነቀለ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት በኃይል መጉመጥመጥና መትፋት ጉድጓዱ ላይ የረጋውን ደም ያነሣዋል። እህታችን ስለ ውዱኡ ኡስታዛችንን ጠይቃ፣ ጉዳት ካለው ውሃውን በአፏ እንዳታንገላታ፣ ገር እንድትሆን መክረዋታል። ሲዋክም እንዲሁ ነው፤ ቁስሉ ካለበት ጎን ይራቅ፣ ሌላውን ጎን ግን ማጽዳት አይቅር። ከድድ የሚወጣ ደም ውዱእን ያፈርሳል ወይስ አያፈርስም የሚለው በመዝሀቦች መካከል ልዩነት ያለበት ስለሆነ እያንዳንዳችን ዓሊሞቻችንን እንጠይቅ።

ሁለተኛው ረመዳን ነው። የሚቻል ከሆነ ነቀላው ከረመዳን በፊት ወይም በኋላ ይያዝ። ጥርስና ድድ ጤናማ ሲሆኑ የመንቀሉም ነገር አይመጣም፤ ስለዚህ ሻዕባን ላይ ጥርስን መታየት ብልህነት ነው። ዋርፋሪን በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ ከኢፍጣር በኋላ ለማድረግ አያስቸግርም። ነገር ግን የምግባችን ዓይነትና ሰዓት ሲቀየር ቁጥሩም ሊቀየር ይችላል፤ በወሩ ውስጥ አንዴ መለካት ይገባል። በቀን ሁለቴ የሚወሰዱትን ግን ሐኪም ሳያማክሩ ወደ አንድ መጠቅለል አይቻልም። ጎመን ቫይታሚን ኬ ስለሚበዛበት ብዙዎች ፈርተው ይተውታል። መተው አያስፈልግም፤ አንድ ሳምንት ምንም፣ በሌላው ሳምንት በየቀኑ ከመብላት ይልቅ መጠኑን ማመጣጠን ነው ቁም ነገሩ።

ሦስተኛው ሒጃማ ነው። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ቆዳው በምላጭ ተጭሮ ደም የሚወጣበትን ዋግምት ማድረግ የለበትም። የሚያደርጉ ወንድሞችና እህቶችም ከመጀመራቸው በፊት «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ብለው እንዲጠይቁ አደራ እንላለን። ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በወጥ ውስጥ እንደ ቅመም መግባታቸው ችግር የለውም። በዘይት ወይም በዱቄት መልክ እንደ መድኃኒት አብዝቶ መውሰድ ግን ለልብ ሐኪም መነገር ያለበት ጉዳይ ነው። ይህን ስንል የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሱና ማሳነሳችን እንዳልሆነ ታውቁልናላችሁ፤ እንድንታከም ያዘዙን እሳቸው ናቸውና፣ መታከም ደግሞ የራስን ሁኔታ ማወቅን ይጨምራል።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ክኒኑን የምትወስዱ ወንድሞችና እህቶች፤ በኪሳችሁ ወይም በስልካችሁ ሽፋን ውስጥ አንዲት ትንሽ ወረቀት ያዙ። የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ ለምን እንደታዘዘ፣ የመጨረሻው አይኤንአር ከነቀኑ፣ የሐኪማችሁ ስልክ ይጻፍባት። ጥርስ ቤት ስትሄዱ ከሕመሙ በፊት ወረቀቷን አሳዩ። «አቁመህ ና» ከተባላችሁ አትጣሉ፤ «ከልብ ሐኪሜ በጽሑፍ ይዤ ልምጣ» በሉና ውጡ፤ ክኒኑን ግን በዚያ ቀንም ዋጡ። ከሌላው ወገን ደግሞ፣ «ካወቁ አይነቅሉልኝም» ብላችሁ መድኃኒቱን አትደብቁ፤ የማያውቅ ባለሙያ ስፌቱንም ስፖንጁንም አያዘጋጅም። ከተነቀለላችሁ በኋላ ደሙ ንጹሕ ፋሻ ወይም መሐረብ አጥብቃችሁ ነክሳችሁ ሰላሳ ደቂቃ ከቆያችሁም በኋላ የሚፈስ ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ሌሎቻችን ደግሞ እናትና አባቶቻችንን እንጠይቅ። ብዙዎቻችን ወላጆቻችን በየወሩ ምን ክኒን እንደሚዋጡ አናውቅም፤ «የልብ» ወይም «የደም» ብለው ያልፉታል። በቅርቡ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ የክኒኑን ካርቶን እንየው። ዋርፋሪን የሚል ካለበት ይህን ጽሑፍ ተቀምጠን፣ በሚገባቸው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም በስልጥኛም በአርጎብኛም ቢሆን፣ እናንብብላቸው።

የወረቀቷን ቅጽ አዘጋጅተናል፤ ዘወትር ረቡዕ ከዐስር ሶላት በኋላ የጤና ዘርፉ በሚቀመጥበት ቦታ መጥታችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። ወደ ጥርስ ሕክምና የሚሄድና ብቻውን መሄድ የከበደው ሰው ካለም ይንገረን፤ ወረፋ እንይዛለን፣ ሰላሳውንም ደቂቃ እንቆጥራለን ኢንሻአላህ።

አላህ የታመሙትን ሁሉ ያሽርልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።